ምዕራፍ 7፦ ስፌቱ የት ነው?

እናቴ ቀሚስ ልትገዛ ሽሮ ሜዳ ስትወርድ መጀመሪያ የምታየው ጥበቡን አልነበረም። ሻጩ ቀሚሱን አንጠልጥሎ ጥለቱን ወደ ብርሃን ሲያዞርላት፣ ተቀብላ ትገለብጠዋለች። በብብቱና በወገቡ በኩል ጣቷን ታስኬዳለች። ክሩ የላላበት ወይም ጨርቁ የተሸበሸበበት ቦታ ካገኘች አጥፋ ትመልስለታለች፤ ክርክር የለም። ልጅ ሆኜ ይህ ነገር ያሰለቸኝ ነበር። ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን የሚዲያ ክፍል ወጣቶች ጋር ኮምፒውተር ፊት ቁጭ ብዬ ለገና የሠሩትን ቪዲዮ ሳይ፣ ዓይኔ የሚሄደው የእናቴ ጣት ወደሚሄድበት ነው።

በሦስተኛው ምዕራፍ ፊልም ማለት በሰከንድ 24 የቆሙ ሥዕሎች ተከታትለው ሲያልፉ ዓይናችን እንቅስቃሴ አድርጎ የሚቀበለው ነገር መሆኑን አይተናል። በአምስተኛው ደግሞ ብርሃን ከየት እንደሚመጣ ሳናስብ ካሜራ ማስነሣት ምን እንደሚያስከትል አይተናል። አሁን ሁለቱንም ይዘን የምንሻገረው ወጣቶች ብዙ ጊዜ ወደሚያመጡልኝ ጥያቄ ነው፤ «ለድራማው ኢፌክት ለመሥራት የትኛው ፕሮግራም ይሻላል?» ይላሉ። እኔ መልሼ የምጠይቃቸው ስፌቱ የት እንደሆነ ነው።

ስፌት የምለው ሁለት የማይገናኙ ነገሮች የተጋጠሙበትን መስመር ነው። በማርያም ቤት መልአኩ ድንገት ብቅ ሲል፣ መልአክ የሌለበት ምስልና መልአክ ያለበት ምስል አንድ ላይ ተሰፍተዋል። ጉባኤው ሲስቅ፣ ይመጣል ብሎ የጠበቀው ነገርና የመጣው ነገር ተሰፍተዋል። አስቂኙ ቪዲዮ አልቆ ሰባኪው ከወንበሩ ሲነሣ ደግሞ፣ ስክሪኑና አምልኮው መሰፋት አለባቸው። የመጀመሪያውን ማንም ትጉህ ልጅ በሁለት ሳምንት ይማረዋል። ሁለተኛው ጊዜ ይፈልጋል። ሦስተኛውን ብዙዎቻችን መኖሩንም አናውቅም።

የተገታችው ካሜራ

ጆርጅ ሜሊየስ በፓሪስ ከተማ ምትሃት እያሳየ የሚኖር ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1888 ሮበር ሁዳን የሚባለውን የምትሃተኞች ቲያትር ቤት ገዝቶ ራሱ ያስተዳድረው ነበር። ዲሴምበር 28 ቀን 1895 የሉሚየር ወንድማማቾች በዚያው ከተማ በአንድ ካፌ ምድር ቤት ውስጥ ፊልም ለሕዝብ ሲያሳዩ፣ ከተመልካቾቹ አንዱ እሱ ነበር። በዓመቱ የራሱን ካሜራ ይዞ ጎዳና ወጣ።

የቀረውን የነገረን እሱ ራሱ ነው። በኦፔራ አደባባይ የሚያልፍ የሚያገድመውን ሲቀርጽ ፊልሙ ካሜራው ውስጥ ተያዘበት። አላቆ፣ አስተካክሎ እንደገና ለማስነሣት አንድ ደቂቃ ያህል ወሰደበት። በዚያች ደቂቃ መንገዱ አልቆመም። ፊልሙን አጥቦ ሲያየው፣ ሰው ጭኖ ይሄድ የነበረው የፈረስ ኦምኒባስ በቅጽበት አስከሬን የሚሸከም ሠረገላ ሆነ፤ ወንዶቹም ሴቶች ሆኑ። ያንኑ ዓመት አንዲትን ሴት ከወንበሯ ላይ የሚሰውርበትን ፊልም ሠራ። በቲያትር ቤት ይህን ለማድረግ በመድረኩ ወለል ላይ የሚከፈት በር ያስፈልግ ነበር፤ በካሜራ ግን እጀታውን ማቆም ብቻ በቃ።

ለገና ድራማ መልአክ እንዲገለጥ የሚፈልግ ልጅ ከዚህ የራቀ ነገር አያስፈልገውም። ካሜራውን ወይም ስልኩን በማቆሚያ ላይ አጥብቆ ያስራል። ማርያም እየፈተለች ተቀምጣ ይቀርጻል። «ባለሽበት!» ይላታል፤ መልአኩ ገብቶ ይቆማል፤ ቀረጻው ይቀጥላል። በቅንብር ጊዜ የመሃሉ ይወጣል። ሥራው ሁሉ ያለው «ባለሽበት» በምትለዋ ቃል ውስጥ ነው። ማርያም አንገቷን ጣት ታህል ካዘነበለች፣ ወይም በመስኮት የሚገባው ፀሐይ ደመና ከሸፈነው፣ ተመልካቹ መልአኩን ሳይሆን ዝላዩን ያያል። እንዝርቷ ሲሽከረከር ቆይቶ በድንገት ቆሞ ከታየ ግን ሁሉም ያበቃለታል። ስለዚህ ቀረጻው በሚቆምበት ቅጽበት እጇ የሚንቀሳቀስ ነገር እንዳይዝ አስቀድማችሁ አስቡ።

ሜሊየስ ይህን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። የተረፉትን የፊልም ቅጂዎች ያጠኑ ሰዎች እንዳሳዩት፣ ካሜራውን ማቆም ብቻ አልበቃውም፤ ፊልሙን በኋላ በመቀስ ቆርጦ ትክክለኛዋን ፍሬም ከትክክለኛዋ ፍሬም ጋር ያጣብቅ ነበር። ብዙ ጊዜም መጋጠሚያው ላይ ጭስ ቡፍ ያደርግበታል። ልብስ ሰፊ መጋጠሚያውን በጥልፍ እንደሚሸፍነው ማለት ነው። በእናንተ ድራማ የጭሱን ቦታ የብርሃን ብልጭታ ወይም የሚዘጋ በር ሊተካው ይችላል።

ትልልቆቹም የመጽሐፍ ቅዱስ ፊልሞች የቆሙት በዚሁ ላይ ነው። ሴሲል ደሚል «አሥርቱ ትእዛዛት»ን እ.ኤ.አ. በ1923 ድምፅ በሌለው ፊልም ሲሠራ፣ ቀይ ባሕርን የከፈለው በጄላቲን ነበር፤ ልጆች በሳህን ላይ እየተርገበገበ የሚበሉት ዓይነት ጄሎ። የጄላቲኑን ግድግዳዎች በእሳት አቅልጠው እየቀረጹ፣ ፊልሙን ወደ ኋላ አስኬዱት፤ የሚቀልጠው ባሕር ተነሥቶ ቆመ። በ1956 እንደገና ሲሠራው ደግሞ ውኃ ወደ ትልቅ ገንዳ እየለቀቁ ቀርጸው ገለበጡት፤ የኢፌክቱ ኃላፊ ጆን ፉልተን በዚህ ሥራ ኦስካር አገኘ። ለዕብራውያኑ ሲከፈት ያየነው ባሕር በእውነቱ ሲዘጋ የተቀረጸ ነው። ይህን ካወቅሁ በኋላም ያንን ትዕይንት ሳይ ልቤ ይዘላል፤ የተሰፋው በደንብ ነውና።

አረንጓዴው ጨርቅና ነጠላው

ከጀርባ አረንጓዴ ጨርቅ ሰቅሎ መቅረጽ ዛሬ በስልክም ይሠራል። አሠራሩን ለመረዳት ኮምፒውተሩን ደጃፍ ላይ እንደቆመ ጥበቃ አስቡት። ምስሉ የተሠራበትን እያንዳንዱን ነጥብ «አረንጓዴ ነህ?» ብሎ ይጠይቃል። «አዎ» ያለውን ያስወጣና በቦታው የቤተ ልሔምን ሰማይ ያስገባል። «አይደለሁም» ያለውን ይተወዋል። ይኸው ነው። አረንጓዴ የተመረጠውም በሁለት ምክንያት ነው። የሰው ቆዳ ጠይምም ሆነ ቀይ ወይም ጥቁር፣ ቀለሙ ከአረንጓዴ ይርቃል። በአብዛኞቹ ዲጂታል ካሜራዎች ውስጥ ደግሞ ብርሃን ከሚቀበሉት አራት አራት ነጥቦች ሁለቱ የአረንጓዴ ናቸው፤ ካሜራው አረንጓዴን ከቀይና ከሰማያዊ አጥርቶ ያያል።

ችግሩ ያለው «በከፊል» ብለው የሚመልሱት ነጥቦች ዘንድ ነው። ጎፈሬን አስቡ። ዳር ዳሩ ላይ ያለው እያንዳንዱ ጠጉር ግማሹ ጠጉር፣ ግማሹ ከጀርባው ያለው ጨርቅ ነው። ጥበቃው ግራ ይጋባል፤ ወይ ጎፈሬውን ከርክሞ ራስ ቁር ያስመስለዋል፣ ወይ በዙሪያው አረንጓዴ ጭጋግ ይተዋል። ነጠላ ደግሞ ከዚያ ይብሳል። ስስ ስለሆነ ከኋላው ያለው ያልፋል፤ ነጭ ስለሆነ ከጨርቁ የሚመለሰውን አረንጓዴ ብርሃን ተቀብሎ ያንጸባርቃል።

የገብርኤልን ቦታ የያዘ አንድ ልጅ አያቱ የሰጡትን፣ ጥለቱ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ የሆነ ነጠላ ለብሶ የመጣበትን ልምምድ አልረሳም። በስክሪኑ ላይ በደረቱ በኩል መስመር የሚያህል ቀዳዳ ተከፍቶ በዚያ ውስጥ ከዋክብት ታዩ። ልጁ ደነገጠ፤ የአያቱን ነጠላ ያበላሸ መስሎት። ነጠላው ምንም አልሆነም። ጥበቃው ጥለቱን «አረንጓዴ ነህ?» ብሎ ጠየቀው፤ ጥለቱም እውነቱን ተናገረ።

ያን ቀን ጨርቁን በሰማያዊ ለወጥነው። የድሮው ፊልምም የሚጠቀመው ሰማያዊን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1940 የወጣው «የባግዳድ ሌባ» ኦስካር ያገኘው በሰማያዊ ጨርቅ በተሠራ ኢፌክት ነው። ጨርቁን ተኩሱት፣ ወጥሩት፤ ሽብሽቡ ጥላ ይሠራል፣ ጥላው ሌላ አረንጓዴ ነው። ለጨርቁ የራሱን መብራት ስጡት፣ ለሰውየውም የራሱን። ሰውየውን ከጨርቁ ሁለት ሦስት ሜትር አርቁት፤ ያን ጊዜ ነጠላው አረንጓዴ አያንጸባርቅም። በአምስተኛው ምዕራፍ ስለ ብርሃን አቅጣጫ የተባለው እዚህ ላይ ዋጋውን ያገኛል። የቤተ ልሔም ጨረቃ በግራ ካለች የልጁ ፊት በቀኝ ሊበራ አይችልም፤ ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቅም አንድ ነገር እንዳልተጋጠመ ይሰማዋል።

ሳቅም ይሰፋል

በዚያው በ1895 የሉሚየር ወንድማማቾች ምሽት ከታዩት አሥር ፊልሞች አንዱ ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ኮሜዲ ነበር። አትክልተኛ በጎማ ውኃ ያጠጣል። ልጅ ከኋላው መጥቶ ጎማውን ይረግጣል፤ ውኃው ይቆማል። አትክልተኛው ምን ሆነ ብሎ የጎማውን አፍ ያያል። ልጁ እግሩን ያነሣል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ሰው መሳቅ የሚጀምረው ውኃው ፊቱ ላይ ሲረጭ አይደለም። የልጁን እግር እኛ አይተናል፣ አትክልተኛው አላየም። አጎንብሶ ወደ ጎማው ሲመለከት ሳቁ ደረታችን ውስጥ ተዘጋጅቷል። ውኃው የሚያደርገው መልቀቅ ብቻ ነው። እግሩ ባይታየን ኖሮ ያየነው የረጠበ ሰው ነበር።

መጽሐፍ ቅዱስም ይህን ስፌት ያውቀዋል። ሣራ በድንኳኑ ደጃፍ የሳቀችው በዘጠና ዓመቷ የምትጠብቀውና የተነገራት ነገር ስለማይገጥሙ ነው። ልጁ ሲወለድ የተሰጠው ስም ያንን ሳቅ ይዞ ቀረ፤ ግእዙ «ሠሐቀ» ሲል ሳቀ ማለቱ ስለሆነ፣ ይስሐቅን በስሙ በጠራን ቁጥር ሳቁን ሳናውቀው እንጠራዋለን። መጀመሪያ ላለማመን የተሳቀው ሳቅ መጨረሻ ላይ የደስታ ሳቅ ሆነ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሳቅ ቦታ የለውም ለሚሉኝ ወንድሞችና እኅቶች ይህን ታሪክ በአክብሮት አስታውሳቸዋለሁ።

ይሁን እንጂ በማን ላይ እንደምንስቅ ግድ ይለኛል። ወደ እኔ ከሚመጡት የወጣቶች አስቂኝ ጽሑፎች ብዙዎቹ ከገጠር በመጣ ሰው አነጋገር ወይም በቤት ሠራተኛ አማርኛ ላይ የተሠሩ ናቸው። እነዚያ ሰዎች በዚያ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠዋል። ጎረቤታቸው ሲስቅ እነሱ የሚሰማቸውን አስቡ። በራሳችን ማርፈድ፣ በጸሎት መሃል በሚጮኸው ስልካችን፣ «አሜን» ብለን በምንረሳው ማስታወቂያ መሳቅ እንችላለን። ይህ ሁላችንንም በአንድ ወንበር ላይ ያስቀምጠናል።

ሥራው ላይ ደግሞ አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። መድረክ ላይ ያለ ተዋናይ ሳቅ ሲነሣ ይጠብቃል፤ ሲበርድ ይቀጥላል። ቪዲዮ አይሰማም። የተቀረጸው ሰው ሦስት መቶ ሰው እየሳቀ ማውራቱን ይቀጥላል፤ የሚቀጥለው ዐረፍተ ነገር በሳቁ ሥር ይቀበራል። ስለዚህ ሳቅ ከምትጠብቁበት ቦታ ቀጥሎ ንግግር የሌለበት ምስል አስገቡ፦ ዞር የሚል ፊት፣ የሚዘጋ በር፣ የሚራመድ እግር። ማንም ባይስቅ እንኳ ምስሉ ራሱን ችሎ ይሄዳል፤ ቢስቁ ለሳቁ ቦታ ይሆናል። አዳራሹ ሰፊ ሲሆን ድምፅም ያረፍዳል። በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ነው የሚጓዘው፤ 34 ሜትር ወደ ኋላ የተቀመጠች እናት ቃሉን የምትሰማው ከንፈሩ ከተንቀሳቀሰ ከአንድ ሰከንድ አሥረኛ በኋላ ነው፤ ከግድግዳው የሚመለሰው ድምፅም ይጨመርበታል። በቃላት ጨዋታ የተሠራ ቀልድ እዚያ ሳይደርስ ይፈርሳል። ጎማውን የረገጠው እግር ግን የመጨረሻው ወንበር ድረስ ይታያል።

በጉ የተኛበት አልጋ

በመካከለኛው ዘመን በእንግሊዝ ከተሞች የእጅ ባለሙያዎችና የነጋዴ ማኅበራት የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ በጎዳና ይጫወቱ ነበር። በዮርክ ከተማ ኮርፐስ ክሪስቲ በሚባለው በዓል ቀን መድረኮቹ በመንኮራኩር ከቦታ ወደ ቦታ ይጎተቱ ነበር። የመጨረሻውን ፍርድ የሚያሳየው የነጋዴዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1433 ያስመዘገበው የዕቃ ዝርዝር ተርፎ ደርሶናል። በውስጡ ክርስቶስ ወደ ሰማይ የሚወጣበት የብረት መቀመጫ፣ ዘጠኝ ቀይ የተቀቡ ትናንሽ መላእክት፣ መላእክቱን በሰማይ የሚያሯሩጥ ረጅም ቀጭን ገመድም አለ። ያችን ገመድ ሳስብ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ላቡን እያፈሰሰ የሚስባት ሰው ይታየኛል፤ ዛሬ ከፕሮጀክተሩ ጀርባ የሚቀመጠው ልጅ አያት ነው።

ከእነዚህ ድራማዎች ግን ልቤን የወሰደው ከዌክፊልድ ከተማ ጋር የሚያያዘው «ሁለተኛው የእረኞች ጨዋታ» ነው። ሦስት እረኞች በብርድ ሜዳ ላይ ስለ ኑሯቸው ሲያማርሩ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። ማክ የሚባል ሌባ አንዱን በግ ሰርቆ ቤቱ ያስገባል። ሚስቱ ጊል በጉን በጨርቅ ጠቅልላ በሕፃን አልጋ ታስተኛለች፤ እሷም የወለደች መስላ ትቃትታለች። እረኞቹ መጥተው ቤቱን ይበረብራሉ፤ አያገኙም። አፍረው ይወጣሉ።

ከዚያ አንደኛው ለሕፃኑ ምንም ሳንሰጠው ወጣን ብሎ ያስታውሳል። የሐበሻ አራስ ቤት ባዶ እጁን የገባ ሰው የሚሰማው ነገር ነው። ስጦታ ሊሰጥ ይመለሳል፤ ሕፃኑን ሊስም ጨርቁን ይገልጣል፤ ረጅም አፍንጫ ያያል። እረኞቹ ማክን በጨርቅ ላይ አድርገው ወደ ላይ እየወረወሩ ይቀጡታል፤ ደክሟቸው ይተኛሉ። ያኔ መልአኩ ይዘምራል። እነዚያው እረኞች ተነሥተው ወደ ቤተ ልሔም ይሄዳሉ፤ በግርግም የተኛውን ያገኙታል፤ የቼሪ ዘለላ፣ ወፍና ኳስ ይሰጡታል።

ጸሐፊው ምን እንዳደረገ እዩ። አልጋ ላይ ሕፃን መስሎ የተኛ በግ ሲያስቀን ቆየ፤ ቀጥሎ በከብቶች ግርግም የተኛው ሕፃን መጣ፣ የእግዚአብሔር በግ የሚባለው። ሳቃችንና ስግደታችን በአንድ ክር ተሰፉ። ክሩም የእረኛው ቸርነት ነው፤ ስጦታ ሊሰጥ ባይመለስ ኖሮ ሌብነቱም አይገለጥም፣ ወደ ግርግሙም ስጦታ ይዞ መሄድን አይለማመድም ነበር። የመጀመሪያው ክፍል ቢወጣ ሁለተኛው ይሳሳል። ለዚህ ነው ቀልዱን «ሰው እስኪሰበሰብ ማቆያ» አድርገው ለሚያስቡ አዘጋጆች ይህን ጨዋታ የምተርክላቸው።

ሦስተኛው ስፌት

ስክሪን በሁሉም ቤት እኩል ቦታ የለውም። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴው የራሱ ሥርዓት፣ የራሱ ብርሃንና ጭስ አለው፤ ቪዲዮ እዚያ አይገባም፣ መግባትም የለበትም። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ትርኢት የሚያሳዩት በአዳራሽ ጉባኤ ወይም በመስቀል አደባባይ በደመራ ዕለት፣ ንግሥት እሌኒ ጭሱን ተከትላ መስቀሉን እንዳገኘች ሲጫወቱ ነው። በብዙ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ ስክሪኑ ከመድረኩ ጀርባ በርቶ ይውላል። ከዚህ በታች የምለው በይበልጥ ለእነሱ ነው፤ እኔም ያጠፋሁት እዚያ ነውና።

አንድ እሑድ በጸሎት መሃል ስለሚጮህ ስልክ የሠራነው የሦስት ደቂቃ ቪዲዮ ነበር። ቅንብሩ ንጹሕ ነበር፤ ሰው ከልቡ ሳቀ። ቪዲዮው እንዳለቀ የፕሮግራም መሪው ማይክ ይዞ፣ በሳምንቱ ልጃቸውን ለቀበሩ ቤተሰብ እንጸልይ አለ። ከኋላ ገና እየሳቁ የነበሩ ልጆች ነበሩ። እናትየው ሦስተኛው ወንበር ላይ ጥቁር ነጠላ ተከናንባ ተቀምጣለች። ትከሻዋ ሲሰበሰብ ከፕሮጀክተሩ ጀርባ ሆኜ አየሁ። የዕለቱ የፕሮግራም ቅደም ተከተል ከዋዜማው ጀምሮ እጄ ላይ ነበር፤ አላነበብኩትም። እያንዳንዱን ፍሬም ስገጣጥም ሳምንት ሙሉ ቆይቼ፣ ትልቁን መጋጠሚያ ሳላየው አለፍኩ።

ከዚያ ወዲህ ቅንብር የምጀምረው ከመጨረሻው ነው። ከቪዲዮው ቀጥሎ ማን ይነሣል? የመጀመሪያ ቃሉ ምንድን ነው? መብራቱ በርቶ ነው ወይስ ጠፍቶ? የቪዲዮው የመጨረሻ አሥር ሰከንድ የቪዲዮው አይደለም፤ የሚከተለው ሰው ነው። ስብከት ከተከተለ ሙዚቃው አስቀድሞ ይወርዳል፣ ምስሉ ይረጋል፣ ስክሪኑ በዝግታ ይጨልማል። የክፍሉ አርማ እየተሽከረከረ ብቅ እንዲል አናደርግም፤ አርማው ተመልካቹን ከታሪኩ አውጥቶ ወደ እኛ ያዞረዋል። ሐዘን ካለ ደግሞ ቪዲዮው ለሌላ ሳምንት ይቆያል።

ባለፈው ገና ወጣቶቹ የዌክፊልዱን ታሪክ ሰምተው የራሳቸውን እረኛ ፈጠሩ። በቪዲዮው ላይ የጠፋችበትን በግ ፍለጋ በአዲስ አበባ ኮረብታ ይሮጣል፤ ባሕር ዛፍ ሥር ይሾልካል፣ በሰው ጓሮ ይገባል፣ በሰው ውሻ ይባረራል። ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ። መጨረሻ ላይ እረኛው ወደ አንድ በር ሲሮጥ ይታያል፤ ያ በር የአዳራሹ የጎን በር ነው። እጁ እጀታውን ሲይዝ ስክሪኑ ጠፋ፤ በዚያው ቅጽበት እውነተኛው በር ተከፈተና ልጁ ያንኑ ነጠላ ለብሶ፣ ያንኑ ዱላ ይዞ እያለከለከ ገባ። ሳቁ ወደ ጭብጨባ ሊለወጥ ሲል ልጁ መድረኩ ላይ ያለውን ግርግም አየና ቆመ። ዱላውን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ። የሚሰማው የእሱ ትንፋሽ ብቻ ነበር፤ ከፊት ወንበር አንዲት አሮጊት ተነሥተው ነጠላቸውን አጣፉ።